ቀራጭና ጭፈራ፦ ስለ ምሽት መዝናኛ ቀረጥ ታሪካዊ ቅኝት

ቀራጭና የጥበብ ሰው የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ በአዳራሽ በር ላይ ነው። አንዱ ቲኬት ቆርጦ የሚገባውን ሕዝብ ይቆጥራል፤ ሌላው ከመጋረጃ በስተጀርባ ሆኖ ያንኑ ሕዝብ ይጠባበቃል። ግንኙነታቸው በዚህ ብቻ ተወስኖ ቢቀር ኖሮ ጉዳዩ የሒሳብ ሹማምንት እንጂ የኪነ ጥበብ አፍቃሪዎች መነጋገሪያ ባልሆነ ነበር። ይሁን እንጂ መዝናኛን የቀረጡ መንግሥታት ብዙዎቹ በየሕጋቸው ውስጥ አንዲት ጠባብ በር ትተዋል፤ ጥበብ የሆነው ትርኢት በነፃ ይለፍ፣ መዝናኛ ብቻ የሆነው ግን ይክፈል የምትል በር። ይህች በር ባለችበት ሁሉ ኬላ ጠባቂው ሳይወድ በግዱ ኃያሲ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው ብዙዎቻችን በአደባባይ ልንነጋገርበት በማንወደው ሥፍራ ነው፤ ይኸውም ለአዋቂዎች ብቻ በተፈቀደው የምሽት ቤት፣ ሴቶች ልብሳቸውን እያወለቁ በሚጨፍሩበት መድረክ ላይ። ከዚህ ቤት የሚገኘው ገቢ እንደ ማንኛውም ሽያጭ ታክስ ሊከፈልበት ይገባል ወይስ አይገባም? ለዚህ ጥያቄ አዎን ወይም አይደለም ብሎ መመለስ ቀላል ይመስላል። ሲመረመር ግን ውዝዋዜ ምን እንደሆነ፣ ይህንንስ ለመወሰን ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ወደ መጠየቅ ያደርሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ክርክሩ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደተጓዘ መመልከት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገር የመዝናኛ ቀረጥ የተደነገገው በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነበር። ጦርነት ገንዘብ ይበላልና የቲያትር፣ የሲኒማና የስፖርት ተመልካቾች ሁሉ የድርሻቸውን እንዲያዋጡ ተደረገ። ለጦርነት ተብሎ የመጣ ቀረጥ ጦርነቱ ሲያበቃ አብሮ እንደማይሄድ የታወቀ ነው፤ የእንግሊዙም ቲያትርን እስከ 1957፣ ሲኒማን ደግሞ እስከ 1960 ሳይለቅ ቆየ። ሕጉ ለትርፍ ያልቆመና ትምህርታዊ ዓላማ ያለው ትርኢት ከቀረጡ ነፃ እንዲሆን ይፈቅድ ስለነበር የለንደን ቲያትር አዘጋጆች ለትርፍ የማይሠሩ ኩባንያዎችን ማቋቋም ያዙ። በ1949 የቴነሲ ዊልያምስ ተውኔት «ኤ ስትሪትካር ኔምድ ዲዛየር» በሎሬንስ ኦሊቪየ አዘጋጅነትና በቪቪየን ሊ ተዋናይነት ለንደን ላይ ሲቀርብ የዚሁ ነፃነት ተጠቃሚ ነበር። ተውኔቱ ስለ ፍትወትና ስለ ሰው ውድቀት ያለ መሸፋፈን ስለሚናገር የሥነ ምግባር ጠባቂ ነን ባዮች ተቆጡ፤ እንዲህ ያለ ነገር ትምህርታዊ ተብሎ ከቀረጥ ነፃ መሆኑም እስከ ፓርላማ ድረስ አነጋገረ። ዛሬ ያው ተውኔት በብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ይጠናል።

ከዚያ ቀደም ሲል፣ በ1926፣ የሩማንያዊው ቀራጺ የኮንስታንቲን ብራንኩሲ «ወፍ በጠፈር» የተባለው የነሐስ ሥራ ኒው ዮርክ ወደብ ደርሶ ነበር። የአሜሪካ ሕግ የጥበብ ሥራ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ይፈቅዳል። የጉምሩክ ሹማምንቱ ግን ክንፍም ላባም ባላዩበት በዚያ ረዥምና አንጸባራቂ ብረት ላይ ወፍ ሊታያቸው አልቻለም፤ ስለዚህ ከማድ ቤት ዕቃና ከሆስፒታል መገልገያ ጋር መድበው 40 በመቶ ቀረጥ ጣሉበት። ቀራጺዎችና ኃያስያን እየተጠሩ ከመሰከሩ በኋላ በ1928 ፍርድ ቤቱ ለብራንኩሲ ፈረደ። ዳኞቹ ሐውልቱ ወፍ ይመስላል አላሉም፤ ያሉት፣ ተፈጥሮን ከመቅዳት ይልቅ ረቂቅ ሐሳብን በቅርጽ ለመግለጽ የሚጥር አዲስ የጥበብ ስልት መነሣቱን ፍርድ ቤት ሊክደው አይችልም ነው። ይህ ፍርድ እስከ ዛሬ ሲወደስ ይኖራል። እኔ ግን ከፍርዱ ይልቅ ክርክሩ በዚያ ቦታ መደረጉ ያስገርመኛል። አንድን የጥበብ ሥራ ጥበብ ለማሰኘት ሁለት ዓመት መሟገት ያስፈለገው ሕጉ የጉምሩክ ሠራተኛውን ማንም ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄ ስለጠየቀው ነው።

በምሽት ቤቶች ላይ የወረደው ግን ከዚህ የከበደ ነው።

አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባችበት በ1917 የወጣው የጦርነት ገቢ ሕግ የካባሬ ቀረጥ የሚባለውን ወለደ። ካባሬ ማለት ሰው እየበላና እየጠጣ ዘፈን የሚሰማበት፣ ትርኢት የሚያይበት ወይም ራሱ የሚጨፍርበት ቤት ነው። በመጀመሪያ ቀረጡ ቀላል ስለነበር እንግዳው ብዙም አይሰማውም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን መልኩ ተለወጠ። በ1941 ከጠቅላላው የእንግዳ ሒሳብ 5 በመቶ እንዲከፈል ታዘዘ፤ በ1944 ሚያዝያ ወር ላይ ደግሞ በአንድ ጊዜ ወደ 30 በመቶ ወጣ። ከሦስት ወር በኋላ ወደ 20 በመቶ ዝቅ ቢልም በዚያ ልክ እስከ 1960 ቆየ፤ ከዚያ 10 በመቶ ሆነ፤ በ1965 መጨረሻ ላይ ቀረ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቀረጡ የሚጣለው በመግቢያ ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን በምግቡም በመጠጡም ላይ መሆኑ ነው። 10 ዶላር የበላና የጠጣ እንግዳ በዚያ በ1944 ጸደይ 3 ዶላር ጨምሮ ይከፍላል። ታዲያ ያው እንግዳ፣ በዚያው ቤት፣ ያንኑ ምግብ በልቶ ሙዚቀኞች ሲጫወቱ ብቻ ቢያዳምጥ ቀረጥ የለበትም። ሕጉ የመሣሪያ ሙዚቃን ብቻውን ከቀረጥ ነፃ አድርጎ ነበርና። ቀረጡን የሚጠራው ዘፋኝ አፉን ሲከፍት ወይም ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ሲጨፍር ነው።

የቤቱ ባለቤት ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ዘፋኟን አሰናበተ፤ መጨፈሪያውን ወለል ጠረጴዛ ሞላበት፤ መጨፈር ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። 15 እና 16 ሰው ይዞ ሕዝብን ሲያስጨፍር የኖረው ትልቅ ኦርኬስትራ ሥራ አጣ። በእርሱ ቦታ አራት ወይም አምስት ሆነው በጠባብ መድረክ ላይ የሚቀመጡ፣ ለእግር ሳይሆን ለጆሮ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ገቡ። ቻርሊ ፓርከር፣ ዲዚ ጊለስፒና ቴሎኒየስ መንክ ቢባፕ የተባለውን ፈጣንና ውስብስብ የጃዝ ስልት ያሳደጉት በዚሁ ዘመን ነው። ከበሮ መቺው ማክስ ሮች በኋላ ዘመኑን ሲያስታውስ፣ ለትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች መበተንና ለመሣሪያ ተጫዋቾች ጎልቶ መውጣት የዚህን ቀረጥ አስተዋጽኦ ጠቅሷል።

ነገሩን ሁሉ ለቀረጥ መስጠት ማጋነን ይሆናል። ወጣቶቹ ሙዚቀኞች ወደ ጦር ሜዳ ዘምተዋል፤ ጎማና ቤንዚን በራሽን ስለሚታደል ትልቅ ኦርኬስትራ ከከተማ ከተማ መዞር አልቻለም፤ ከ1942 ጀምሮ የሙዚቀኞች ማኅበር ሸክላ ላለመቅዳት አድማ መትቶ ነበር። የቢባፕም ፈጣሪዎች የፈጠሩት ከውስጣቸው ፈልቆ እንጂ ከገቢ መሥሪያ ቤት ታዝዞ አይደለም። ሆኖም ቀረጥ ዘር ባይዘራም የትኛው ቡቃያ ፀሐይ እንደሚያገኝ ሊወስን ይችላል። አንድ ሕዝብ እየተቃቀፈ የሚጨፍርበት ሙዚቃ ተቀምጦ ወደሚያዳምጠው ሙዚቃ ሲሸጋገር፣ ከምክንያቶቹ አንዱ በመንግሥት ሒሳብ መዝገብ ውስጥ መገኘቱ ለባህል ታሪክ ጸሐፊ ትንሽ ነገር አይደለም። የሙዚቀኞቹ ማኅበር ቀረጡ እንጀራችንን ዘጋብን እያለ ለዓመታት ተሟግቷል፤ የተሰማው ግን ብዙዎቹ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች ከተበተኑ በኋላ ነበር።

የካባሬው ቀረጥ ቢያንስ አንድ ደግነት ነበረው፤ ዘፈኑ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብሎ አይጠይቅም። ዘፈን ካለ ይቀርጣል፣ ከሌለ አይቀርጥም። ወደ ርዕሳችን እምብርት የሚወስደን ጉዳይ የተነሣው ግን ከዚህ በተለየ ሕግ ሥር ነው።

በኒው ዮርክ ግዛት፣ በአልባኒ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሌተም «ናይት ሙቭስ» የሚባል ቤት ነበር። አልኮል አይሸጥም፤ የሚሸጠው ለስላሳ መጠጥና የራቁት ጭፈራ ነው። እንግዳው በበር ይከፍላል፤ ከዚያም ከፈለገ በአንዲት ክፍል ውስጥ ለብቻው እንዲጨፈርለት ተጨማሪ ይከፍላል። በ2005 የግዛቱ ግብር መሥሪያ ቤት መርማሪዎች የቤቱን መዝገብ አገላብጠው በመግቢያውም ሆነ በግል ጭፈራው ገቢ ላይ የሽያጭ ታክስ አለመከፈሉን ደረሱበት፤ ወለዱን ሳይጨምር ወደ 125,000 ዶላር የሚጠጋ ዕዳም ጠየቁ። የግዛቱ ሕግ በማናቸውም የመዝናኛ ሥፍራ መግቢያ ላይ ታክስ ይጥላል፤ ድራማንና ሙዚቃን ግን ነፃ ያደርጋል፤ ከነዚህም ጋር የተቀነባበረ ውዝዋዜ ተጠቅሷል። የቤቱ ባለቤቶች መከላከያ አጭር ነበር፤ እኛ ዘንድ የሚታየው ውዝዋዜ ነው አሉ።

ለምስክርነት የጠሩት ሰው ተራ ሰው አልነበረም። ጁዲት ሊን ሃና የተባሉት አንትሮፖሎጂስት በናይጄሪያ የኡባካላ ኢግቦ ሕዝብን ውዝዋዜ ያጠኑ፣ ስለ ጭፈራና ስለ ሰው ልጅ ታዋቂ መጽሐፍ በ1979 ያሳተሙ ምሁር ናቸው። በምዕራብ አፍሪካ መንደሮች ሴቶች በውዝዋዜ የሚናገሩትን ለማንበብ የሠለጠነ ዓይን በኒው ዮርክ ግዛት ወደሚገኝ የራቁት ቤት ተመለከተ ማለት ነው። ምሁሯ እንቅስቃሴው፣ የሰውነት አያያዙ፣ ከሙዚቃው ጋር ያለው መጣጣም በእርግጥ የውዝዋዜ ጥበብ መሆኑን መሰከሩ። በመጀመሪያ ጉዳዩን የሰማው የአስተዳደር ዳኛ ለቤቱ ፈረደ። የግብር ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ግን ፍርዱን ሻረው። ምስክሯ በግል ክፍሉ የሚደረገውን ጭፈራ በዓይናቸው አላዩም አለ፤ ዳንሰኞቹም መደበኛ የውዝዋዜ ሥልጠና እንዲኖራቸው እንደማይጠየቅ፣ ሥራውን ከጓደኞቻቸውና ከቪዲዮ እንደሚማሩት አስታወሰ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ እኛን ሊያቆመን ይገባል። ትምህርት ቤት ገብቶ መሠልጠን የውዝዋዜ መለኪያ ከሆነ፣ እስክስታን ከእናቱና ከሠፈሩ ልጆች የተማረ ሰው ምን ሊባል ነው? አዝማሪው ማሲንቆውን ከአባቱ እጅ እንጂ ከኮሌጅ አልተቀበለም። የዓለም ሕዝብ ውዝዋዜ አብዛኛው ከጓደኛ በማየት የተወረሰ ነው፤ ቪዲዮም ቢሆን የማያልቅበት ጓደኛ ነው። ጉባኤው ታክሱን ለማስከፈል ሌላ ምክንያት ሊያገኝ ይችል ነበር፤ በዚህ ምክንያት ሲያስከፍል ግን ሳያውቀው ሕዝባዊውን ጥበብ ሁሉ ከደጅ አስቀርቷል።

ክርክሩ እስከ ግዛቱ የመጨረሻ የይግባኝ ፍርድ ቤት ደርሶ በጥቅምት 23 ቀን 2012 ተፈረደ። አራት ዳኞች ለግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ሦስት ለምሽት ቤቱ ቆሙ። የአብላጫዎቹ ዳኞች ክርክር ከበረዶ መንሸራተት የተወሰደ ነው። በሙዚቃ ታጅቦ፣ እርምጃው አስቀድሞ በጥንቃቄ ተቀነባብሮ ጥንዶች በበረዶ ላይ የሚያሳዩትን ዳንስ የግዛቱ ሕግ አውጪ ከታክስ ነፃ ካላደረገው፣ በብረት ምሰሶ ላይ የሚደረገው ጭፈራ ምንም ያህል የሰለጠነ ቢሆን ነፃ ይሁን የሚባልበት ምክንያት የለም አሉ። አለዚያ ማንኛውም ሰው ሰውነቱን በሙዚቃ እያወዛወዘ ከታክስ ሊያመልጥ ነው የሚል ሥጋት ነበራቸው።

በልዩነት የጻፉት ዳኛ ሮበርት ስሚዝ ሲሆኑ፣ ጽሑፋቸው ሐቀኛ ነው። እንዲህ ያለውን ጭፈራ እንደማይወዱት፣ እንዲያውም እንደሚጸየፉት አልደበቁም። «ሀስለር» የተባለውን የራቁት ሥዕል መጽሔት እንደማያነቡ፣ ከእርሱ «ኒው ዮርከር»ን እንደሚመርጡም ተናገሩ። ነገር ግን መንግሥት የመጀመሪያው በቂ ባህላዊነት የለውም ብሎ፣ ሁለተኛው የማይከፍለውን ታክስ ቢያስከፍለው እንደሚደነግጡ ጻፉ። ሕጉ ውዝዋዜ ነፃ ነው ካለ፣ ውዝዋዜ ሁሉ ነፃ ነው፤ ከፍተኛና ዝቅተኛ እያሉ መለየት የመንግሥት ሥራ አይደለም ነው ፍሬ ነገሩ። ምሽት ቤቱ ወደ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢያመለክትም ፍርድ ቤቱ በ2013 ጉዳዩን ለማየት ሳይቀበል ቀረ።

ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ኖርዌይ ውስጥ ተቃራኒው ተፈርዶ ነበር። የኦስሎ አንድ የራቁት ጭፈራ ቤት 25 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ በመግቢያው ላይ ክፈል ቢባል፣ መድረክ ላይ የሚቀርብ ጥበብ ከታክሱ ነፃ ነው ብሎ ተከራከረ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2006 ይህ ዓይነቱ ጭፈራ ውዝዋዜን ከትወና ያጣመረ መሆኑን ተቀብሎ ፈረደለት። እንግዲህ አንድ ዓይነት ሥራ በአንዱ አገር ጥበብ፣ በሌላው አገር ጥበብ ያልሆነ ሆኖ ተገኘ። የሁለቱን ፍርድ ልዩነት በዳንሰኞቹ ችሎታ ማስረዳት አይቻልም።

የቴክሳስ ግዛት በሌላ መንገድ ሄደ። በ2007 የወጣውና በ2008 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ የራቁት ጭፈራ እያሳየ አልኮል እንዲጠጣ የሚፈቅድ ቤት በእያንዳንዱ እንግዳ 5 ዶላር እንዲከፍል አዘዘ። ገንዘቡ በቅድሚያ የወሲብ ጥቃት ለደረሰባቸው ሰዎች መርጃ፣ ቀጥሎም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የጤና መድን እንዲውል ተወሰነ። ጋዜጠኞች ቀረጡን «ፖል ታክስ» አሉት። ፖል በእንግሊዝኛ ዳንሰኛዋ የምትይዘው ምሰሶ ነው፤ ያው ድምፅ ደግሞ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ጥቁሮችንና ድሆችን ከምርጫ ለማራቅ ይጣል የነበረውን የነፍስ ወከፍ ግብር ያስታውሳል። ቀልዱ መራራ ነው።

ምሽት ቤቶቹ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ተነካ ብለው ከሰሱ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 ሕጉን አጸና። ምክንያቱ፣ ቀረጡ የሚመለከተው ጭፈራውን ሳይሆን መጠጥና ራቁትነት ሲገናኙ የሚያስከትሉትን ጉዳት ነው፤ አልኮሉን ያስቀረ ቤት አይከፍልም የሚል ነበር። የቴክሳስ ሕግ የጥበብን ጥያቄ ጨርሶ አለመንካቱ ከኒው ዮርኩ የተሻለ ያደርገዋል። 5 ዶላር በጭንቅላት ሲቆጠር ኃያሲም አንትሮፖሎጂስትም አያሻም። ከዚህ ጋር ግን አንድ ሸክም አለበት፤ የጥቃት ሰለባዎችን መርጃ በነዚህ ቤቶች ላይ ብቻ መጣል፣ ጥቃቱን ያመጡት እነርሱ ናቸው ብሎ ያለ ምስክር እንደመፍረድ ይቆጠራል።

በእኔ እምነት ታክሱ መከፈል አለበት። ትርፍ ለማግኘት የተከፈተ ቤት፣ ዳቦ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ ሲከፍሉ፣ እርሱ የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም። መከፈል ያለበት ግን የመግቢያ ዋጋ የሚያስከፍል ማንኛውም ነጋዴ ስለሚከፍል እንጂ፣ ሹሙ ጭፈራውን አይቶ ስላልወደደው አይደለም። ደካማው ቲያትር ይጎዳል የሚል ክርክር ይቀርባል፤ እውነትም አለው። እንግዲያውስ ነፃነቱ ሊቆጠር በሚችል ነገር ላይ ይመሥረት፤ በአዳራሹ ስፋት፣ በቲኬቱ ዋጋ፣ ወይም ድርጅቱ ለትርፍ አለመቆሙን በሚያሳይ መዝገብ። ወይም መንግሥት ቲያትሩን ከበጀቱ በግልጽ ይርዳው፤ ያን ጊዜ የሚመርጠውን መርጦ በስሙ ይጠየቅበታል። በቀረጥ ሕግ ውስጥ የተሸሸገ ምርጫ ግን ባለቤት የለውም።

በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ አንድ ወገን አልተሰማም። በኒው ዮርኩ መዝገብ ላይ በተከራካሪነት የሠፈሩት የኩባንያው ስምና የግብር ባለሥልጣኑ ናቸው። ሰውነታቸው ጥበብ ነው ወይስ አይደለም ተብሎ ሰባት ዳኞች የተከፋፈሉባቸው ሴቶች ተከራካሪ አልነበሩም። በብዙ የአሜሪካ ምሽት ቤቶች ዳንሰኛዋ ደመወዝተኛ አይደለችም፤ በግሏ እንደምትሠራ ተቆጥራ በመድረኩ ለመጨፈር ራሷ ለቤቱ የምሽት ኪራይ ትከፍላለች፤ የምታገኘውም ከእንግዳው እጅ ነው። በአንድ ዘፈን የሚከፈለው ዋጋ የተለመደ ከሆነና እንግዳው ከዚያ በላይ አልከፍልም ካለ፣ ታክሱ ከቤቱ ድርሻ ወይም ከእርሷ ድርሻ መቀነስ አለበት፤ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ደግሞ የቤቱ ባለቤት ነው።